በልጆቼ ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው መዳብ

በደሴ ከተማ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የአራት ልጆች እናት ነኝ። ከልጆቼ ሁለቱ የዊልሰን በሽታ አለባቸው። ይህ በሽታ የሚመጣው ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን መዳብ ማስወጣት ሲያቅተውና መዳቡ በጉበት፣ በአንጎልና በሌሎች ክፍሎች ሕዋሳት ውስጥ ሲከማች ነው። በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይገታል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ይገድላል። የበኩር ልጄ በሽታው እስኪታወቅለት ድረስ አራት ዓመት ፈጅቷል። ሴት ልጄ ላይ ግን አንዳች ሳያማት በደም ምርመራ ተገኘባት። ሁለቱን ልጆች ዕለት ዕለት ጎን ለጎን ስለማያቸው፣ የአራቱ ዓመት መዘግየት ምን እንደወሰደብን አውቃለሁ፤ ሌላ ቤት ውስጥ ያለች እናት ያንኑ ያህል እንዳትዘገይ ያሳለፍነውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ልጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጥቅምት 2009 ዓ.ም.፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ፊቱ ገረጣ፤ ሆዱም በመጠኑ ተነፋ። በእኛ አገር ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል አንድ ስም አለ፤ የወፍ በሽታ ይባላል። ስሙ ከተነገረ በኋላ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ የሚመከረው መድኃኒት ብቻ ይበዛል። እኔም አንዲት ጎረቤቴ በቅን ልቦና ጨምቃ ያመጣችልኝን ቅጠል ሁለት ጠዋት በባዶ ሆዱ አጠጥቼዋለሁ፤ የታመመ ጉበት ላይ ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ነገር መጨመር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ለጉበት ቫይረሶች የተደረገለት ምርመራ ሁሉ ነፃ ነው የሚል ውጤት ሰጠ፤ ሆኖም ካርዱ ላይ የጉበት ብግነት ተብሎ ተጻፈና ቫይታሚን ታዘዘለት። ከሁለት ወር በኋላ ቢጫው ለቀቀ። ለምን ቢጫ ሆነ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ እኛም ሐኪሞቹም ደስ ብሎን ተለያየን።

ኋላ ላይ እንደተረዳሁት፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚወጣ ሲሆን፣ ጤነኛ ጉበት ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ፣ ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውጫ ሲዘጋ ቀለሙ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ቢጫነት ራሱ በሽታ ሳይሆን ከኋላው ሌላ ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። የቫይረስ ምርመራው ነፃ ሲሆን «እንግዲያስ ምንድን ነው?» ብዬ አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል። ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም ያለበት ልጅ፣ በተለይ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ፣ ለዊልሰን በሽታም ሊመረመር እንደሚገባው ዛሬ አውቃለሁ።

ልጁ ከዚያ ሕመም ሲነሣ ከስቶና ገርጥቶ ስለነበር እኔ አቅሙን ልመልስለት ተነሣሁ። በቤታችን ለደከመ ሰው የሚሰጠው ጉበት ነው፤ ደም ይተካል ይባላል። በዒደል አድሐ በጉ እንደታረደ ጉበቱ ቀድሞ ይጠበስና ለእሱ ይቀርብለት ነበር፤ በሌላውም ቀን ደመወዝ በተቀበልሁ ቁጥር ከሥጋ ቤት ጉበት እየገዛሁ አበላው ነበር። ከምግቦች ሁሉ መዳብ በብዛት ከሚገኝባቸው አንዱ ጉበት መሆኑን ያወቅሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው መዳብ አንድ ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በ100 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ ግን ወደ 10 ሚሊግራም ይገኛል። ሐኪሙ በሽታውን ያመጣው ጉበት መብላቱ አለመሆኑን፣ ልጁ ይዞት የተወለደ መሆኑን ደጋግሞ ነግሮኛል፤ አምኜዋለሁም። ነገር ግን ምክንያቱ ላልታወቀ የጉበት ሕመምተኛ «ያጠነክረዋል» እያላችሁ የምትሰጡትን ምግብ ሁሉ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የእጅ ጽሑፉ ተለወጠ። መምህርት ስለሆንሁ የልጆች ጽሑፍ ማየት ሥራዬ ነው። ፊደሎቹ እያነሱ ሄዱ፤ መስመራቸውን ለቀቁ፤ ክቡ ሁሉ ማዕዘን አወጣ። ቸልተኝነት መስሎኝ አንድ ምሽት ገጹን ቀድጄ እንደገና እንዲጽፍ አዘዝሁት። «እማ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ። ያን ዐረፍተ ነገር እንደ ሰበብ ቆጠርሁት። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣና በመጋቢት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደብተሩን የሚያይ ሰው ጠፋ። በዚያ ረጅም የቤት ጊዜ ውስጥ ንግግሩ ተጎተተ፤ ጠዋት ትራሱ በምራቅ ይርስ ጀመር፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ረጋ ያለው ልጅ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሆነ። ከዘመድ መካከል ጫት ጀምሮ ይሆናል ያሉ ነበሩ፤ አባቱም ኪሱን እስከመፈተሽ ደርሷል። ሌላ ሐኪም ቤት ስንወስደው ጭንቀት ነው ተብሎ የማረጋጊያ ክኒን ተሰጠው፤ ክኒኑም ከእንቅልፍ በቀር ያመጣለት ነገር አልነበረም።

የልጄን የሕክምና ወረቀቶች የማስቀምጠው በሁለት ፌስታል ነበር፤ አንዱ የጉበቱ፣ ሌላው የእጁ። በእኔ አእምሮ ሁለቱ አይገናኙም ነበር። ጉበቱ ድኗል፤ አሁን የታመመው ነርቩ ነው ብዬ ስለማምን ለሁለተኛው ሐኪም ቤት ስለ መጀመሪያው አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያየን አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ልጁን ካስቆመው፣ ካስኬደውና ጣቱን አፍንጫው ላይ እንዲያደርግ ካደረገው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «እናቱ፣ ይህ ልጅ ከአሁን በፊት ታሞ ያውቃል?» አለኝ። የወፍ በሽታ ይዞት ነበር ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። በማግስቱ ሁለቱንም ፌስታል ይዤ እንድመጣ አዘዘኝና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበባቸው። በልጅነቱ ጉበቱን የታመመና በጉርምስናው እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሁለት በሽታ ያለበት ሳይሆን ሁለት ቦታ የደረሰ አንድ በሽታ ያለበት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የላከን ወደ ዓይን ሐኪም ነበር፤ ልጁ ዓይኑን አላመመውም ብዬ ልከራከር ምንም አልቀረኝም። የዓይን ሐኪሟ ስሊት ላምፕ በሚባለው አጉልቶ በሚያሳይ መብራት አገጩን አስደግፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። በዓይኑ ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ዳር ዳር ወርቃማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡናማ ቀለበት ነበር። መዳብ ነው። ቀለበቱ ካይዘርና ፍሌይሸር በተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከላይ ይጀምርና ከታች ቀጥሎ ዙሪያውን ይገጥማል። በሽታው አንጎል ላይ ከደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ላይ ይታያል፤ ጉበታቸውን ብቻ ከታመሙት ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ላይኖር ስለሚችል ቀለበት የለም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። እንደ እኛ ጥቁር ዓይን ባለው ሰው ላይ ደግሞ በመብራቱ ካልታየ በቀር በባዶ ዓይን መለየት እጅግ ያስቸግራል። ዓሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ዓይን ሳየው ኖሬአለሁ፤ አላየሁትም።

በሽታውን ያረጋገጡት ሌሎች ሁለት ምርመራዎች ናቸው። አንደኛው በደም ውስጥ መዳብን ተሸክሞ የሚዞረውን ሴሩሎፕላስሚን የሚባለውን ፕሮቲን የሚለካ ነው፤ በበሽታው የተያዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በታች ነው ያላቸው። ናሙናው ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር መላክ ስለነበረበት ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በላይ ጠበቅን። ሁለተኛው የ24 ሰዓት ሽንት ነው። ስለዚህኛው ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም እኛ የመጀመሪያውን አበላሽተን ደግመነዋል። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፤ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ፣ የሌሊቱም ጭምር፣ በማግስቱ እስከዚያው ሰዓት ድረስ ይጠራቀማል፤ የማግስቱ የመጀመሪያ ሽንትም አብሮ ይገባል። ዕቃው ላቦራቶሪው የሰጠው ንጹሕ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ብረት ነክ ዕቃ ውጤቱን ያዛባል። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከተሸና ልኬቱ ዋጋ የለውም። በአንድ ቀን ሽንት ውስጥ ከ100 ማይክሮግራም በላይ መዳብ መገኘቱ በሽታውን አጥብቆ የሚያመለክት ሲሆን፣ የልጄ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር።

መዳብ እንዴት እንደሚጠራቀም ሐኪሙ ሲያስረዳኝ እኔ በራሴ አገር ነገር ገባኝ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የክረምት ውኃ ቦዩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ማንንም ሳይጎዳ ያልፋል፤ ቦዩ ከተደፈነ ግን በመጀመሪያ አጥር ግቢውን ይሞላል፤ ቀጥሎ ደፍ ተሻግሮ ቤት ይገባል። በጉበት ሕዋስ ውስጥ ትርፉን መዳብ ወደ ሐሞት የሚያወጣ፣ ኤቲፒ7ቢ በሚባለው ዘረ መል የሚሠራ ፕሮቲን አለ። እሱ ሲበላሽ መዳቡ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ሕዋሳቱ መያዝ ሲያቅታቸው ይፈነዳሉ፤ መዳቡም ወደ ደም ይፈስሳል። ያን ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ የልጄ ቢጫነትና መገርጣት አንድ ላይ የመጡት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል። ከዚያም እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በዓይንና በኩላሊት ይቀመጣል። በሽታውን በ1912 እ.ኤ.አ. በለንደን በዝርዝር የጻፈው ኪኒየር ዊልሰን ነው። በአፍ የሚወሰደውን የመጀመሪያ መድኃኒት ፔኒሲላሚንን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዋልሽ በ1956 እ.ኤ.አ. እስኪያስተዋውቅ ድረስ ሕመምተኞቹ ይሞቱ ነበር።

ልጄ የጀመረውም ይህንኑ ፔኒሲላሚን ነው። መዳቡን እየያዘ በሽንት ያስወጣል። ምግብ ከመብላት አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋር ከተወሰደ አብዛኛው ይባክናል። አብሮት ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደምና ሽንት በየጊዜው ይታያል፤ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የሽንት ፕሮቲን ከመጣ ሐኪሙ ወዲያው ማወቅ አለበት። ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ ሊነገራችሁ የሚገባው ግን ይህ ነው፤ በሽታው አንጎላቸው ላይ ከደረሰ ሰዎች አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ሲጀምሩ ለጊዜው ይብስባቸዋል። ልጄ በሦስተኛው ሳምንት መናገር አቃተው ማለት ይቻላል፤ ማንኪያ ወደ አፉ ማድረስ ተሳነው። ባለቤቴ መድኃኒቱ ነው የገደለብኝ ብሎ ሊያስጥለው ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠንቅቆን ስለነበር ደወልንለት፤ መጠኑን ቀንሶ እጅግ በዝግታ ከፍ አደረገው። መሻሻል ማየት የጀመርነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በራሳችን ብናቆመው ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር።

በሽታው በተረጋገጠ ዕለት ሐኪሙ የጠየቀኝ ሌሎች ልጆች እንዳሉኝ ነበር። ሁለት አሉኝ፣ ጤነኞች ናቸው አልሁት። «ጤነኞች መሆናቸውን እንይ» አለኝ። የዊልሰን በሽታ የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጅ ነው። እኔም ባለቤቴም እያንዳንዳችን አንድ የተበላሸ የዘረ መሉን ቅጂ ተሸክመን በጤና ኖረናል፤ ለእንዲህ ዓይነት ወላጆች ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ልጅ በሽታው የመያዙ ዕድል ከአራት አንድ ነው። በቤተሰብ መካከል ከማን ወገን መጣ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ልቤን አሳዝኖት ስለነበር አጠንክሬ ልናገረው፤ ከሁለታችንም እኩል መጣ። መካከለኛው ወንድ ልጄ ነፃ ሆነ። በጊዜው ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችው፣ ገመድ ስትዘል የምትውለው ልጄ ግን ሴሩሎፕላስሚኗ ዝቅ ብሎ፣ የጉበት ምርመራዋ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዓይኗ ላይ ቀለበት የለም፤ አንድም ቀን ቢጫ ሆና አታውቅም። ሐኪሟ በክብደቷ ቀምሮ ዚንክ ጀመረላት። ዚንክ በአንጀት ግድግዳ ያሉ ሕዋሳት መዳቡን ይዘው እንዲያስቀሩት ያደርጋል፤ ሕዋሳቱ በተራቸው ሲረግፉ መዳቡ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አሁን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የበሽታውን አንድ ምልክት እንኳ አላየችም። ለልጆቻችን ያደረግነው ትልቁ ነገር ያቺ የደም ምርመራ ናት ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱን ማግኘት ሁልጊዜ ይፈትነናል። ደሴ ውስጥ ፔኒሲላሚን ፈልጌ ያጣሁባቸው ወራት ስለበዙ፣ ጅዳ የምትኖረው እህቴ በመንገደኛ ትልክልናለች፤ ቤት ውስጥም የሦስት ወር መጠባበቂያ አላጎድልም። ይህን ልማድ ያጠነከረብኝ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲደርስ የሆነው ነው። ሕክምና የጀመረ ሰው በድንገት ካቋረጠ ጉበቱ በወራት ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል ተነግሮን ነበርና፣ ከቤት ስንወጣ ገንዘቡን ባለቤቴ ያዘ፤ እኔ የልጄን መድኃኒት በመቀነቴ ጠቅልዬ ታጠቅሁት። በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል አድርገን ደብረ ብርሃን ደረስን። በጥድፊያው የሴት ልጄ ዚንክ ቤት ቀርቶ ኖሯል። ለዐሥራ አንድ ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች። ኋላ በመጠለያው ለተቅማጥ ሕፃናት ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር የሚታደለውን የ20 ሚሊግራም የዚንክ ክኒን አየሁ። የሐኪሟን ወረቀት ፎቶ በስልኬ አሳይቼ፣ ነርሷም ለሐኪሙ ደውላ መጠኑን አረጋግጣ ሰጠችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱም ልጆች የመድኃኒት ስም፣ መጠንና የምርመራ ውጤት በእኔ፣ በአባታቸውና በእህቴ ስልክ ይገኛል። በኅዳር መጨረሻ ከተማው ወደ መረጋጋት ሲመለስ እኛም ተመለስን።

ስለ ምግብ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ፤ ምግብ መድኃኒቱን አይተካም። ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት ከቤታችን ወጥተዋል፤ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንጉዳይና ቸኮሌት ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ተከልክለን ነበር። ሽሮና ምስር በልክ ይበላሉ፤ እነሱንም አውጥተን ልጆቹን በረኃብ እንድንቀጣ ማንም አላዘዘንም። በመዳብ ዕቃ አናበስልም፤ ውኃም አናኖርም። ስለ ረመዳን ደግሞ ልጄ መጾም አለብኝ ብሎ አስቸግሮን ነበር፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ቀኑን ሙሉ የተከፋፈለ ስለሆነ ሐኪሙም የሰፈራችን ሼህም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ዘላቂ ሕመም ያለበት ሰው በጾሙ ፈንታ ድሃ የሚያበላበትን ፊድያ ያወጣል እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጥም።

በኩር ልጄ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፎታል። ንግግሩ ይገባል፤ ሲቸኩል ብቻ ይጎተታል። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ጽሑፉ ያለፈውን ያህል አላማረም፤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ መጋዘን በኮምፒውተር ዕቃ ይመዘግባል። ፔኒሲላሚኑን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል ወይም ሐኪሙ ሲወስን ወደ ዚንክ ይዛወራል። የቀደደሁትን ገጽ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አራተኛው ልጃችን የተወለደው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ዕድሉ ለእሱም ያው ከአራት አንድ ነው። ሕፃናት ገና ሲወለዱ ሴሩሎፕላስሚናቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ስለሆነ ምርመራው አሳሳች እንዳይሆን እስኪያድግ እንድንጠብቅ ተነግሮናል። በመጪው ሚያዝያ ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ ደሙን የምናስወስድበትን ቀን ይዘናል፤ የወንድሙንና የእህቱን ወረቀቶችም በአንድ ፌስታል አድርጌ አዘጋጅቻለሁ።